ክረምት የልጆች ነው፤ መግቢያውም ይከበራል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊውን ያስቆጣቸው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ጎረቤታሞች ያዘጋጁት የክረምት መግቢያ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ እሁድ ቡና ተፈላ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ትልልቆቹ የልጅነት ክረምታቸውን አወሩ። ልጆቹ ተጫወቱ። ይኸው ነው። እኔ ከጎረቤታሞቹ አንዷ ነኝ፤ ቆሎውን ከቆሉትም መካከል አለሁበት። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ክረምት ጭቃ፣ ጎርፍና ጉንፋን እንጂ የሚከበር ነገር የለውም፤ መግቢያውን ማክበርም ከውጭ የተቀዳ ነው። የምናወራው የልጅነት ክረምት ድህነትን በናፍቆት መቀባት ነው። የዛሬ ልጅ ክረምቱን መማር አለበት፤ ሜዳ የዋለ ልጅ ይበላሻል። የምናወራላቸው ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ትዝታውም አብሮ ቢቀር ይሻላል። ልጆቹ ራሳቸው ከስልካቸው ሌላ ምንም አይፈልጉም። በመጨረሻም ለቡናና ለዳቦ የተዋጣው ገንዘብ ለጎርፍ መውረጃ ቱቦ ቢውል ይሻል ነበር።

ለጸሐፊው ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ነው። በአብዛኛው ግን አልስማማም።

ከውጭ ተቀዳ ከሚለው ልጀምር፤ ለመመለስ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው። ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፤ መስከረም 25 ይወጣል። መግቢያው በአተ ክረምት ይባላል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ደመናው ይዘመራል፤ ይሰበካል። አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል አጠገብ ያደገ ልጅ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ ሲሆን ደግሞ ሕዝቡ ጃንጥላውን ዘርግቶ በዝናብ ያከብራል። ገበሬውም ቢሆን ክረምት ሲገባ ደስ ብሎት ነው የሚቀበለው፤ ጤፉን የሚዘራው በሐምሌ ነውና። ዝናቡ ሲዘገይ ነው የሚያለቅሰው።

ከተሜው ልጅም የራሱ የክረምት መግቢያ ነበረው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች በዓል ይደረጋል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተከላል። እናቶች የሀገር ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ይጠራል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። ድራማ አለ፤ መዝሙር አለ። ከዚያ ካርድ ይታደላል። ያለፈ ልጅ ካርዱን እያውለበለበ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያሳየ ቤቱ ይገባል። ጎረቤት ይስመዋል፤ ሳንቲም የሚሰጠውም አለ። እንግዲህ ያ ቀን ለአንድ ሙሉ ከተማ ልጆች የክረምት መግቢያ በዓል ነበር። እኛ እሁድ ዕለት አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

ደግሞ ጸሐፊው አንድ ትልቅ ነገር አልፈውታል። በዓመቱ ውስጥ ልጆች ራሳቸው የሚመሯቸው በዓላት አሉን፤ የሚገኙትም በክረምት ወይም በክረምት መውጫ ላይ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ እንደ ጠበል ይታያልና ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ በዝናቡ ይሮጣሉ። ከዚያ እንቁጣጣሽ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆች አደይ ይዘው አበባየሁሽ ይላሉ። ወንዶቹ በነሐሴና በጳጉሜ ሲስሉ የሰነበቱትን የአበባና የመላእክት ሥዕል ለጎረቤት ያድላሉ። በሌሎቹ በዓላት ልጅ ልብስ ይገዛለታል፤ ይበላል፤ ዝም በል ይባላል። በእነዚህ ግን በር የሚያንኳኳው ልጁ ነው፤ የሚመርቀው ልጁ ነው፤ ትልቁ ሰው ወጥቶ ይቀበላል። ክረምት የልጆች ነው የምለው ለዚህ ነው። ባለቤቶቹ ደስ ሲላቸው አብሮ ደስ ማለት ምን ነውር አለው?

ጭቃና ጎርፍ ያሉት እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱት ቀበናና ግንፍሌ በሐምሌ ይሞላሉ። ወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የሐምሌ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ይህን የሚክድ የለም። ግን ድሃውን ወንዝ አፋፍ ላይ እንዲሠራ ያደረገው ዝናቡ አይደለም። ቱቦውን በፌስታልና በውኃ ጠርሙስ የደፈነውም ዝናቡ አይደለም። ጥፋቱን ከሠራው ሰው ላይ አንስተን ወቅቱ ላይ መጣል አያስኬድም። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች የሚሞሉት በዚሁ ዝናብ ነው። በመጋቢት ቧንቧ ከፍተን ከምንቀዳው ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ የወረደ ውኃ አለበት።

አሁን ከሁሉም በላይ ወዳመመኝ ነጥብ ልምጣ። ድሃ ነበራችሁ፤ ድህነታችሁን በናፍቆት ቀባችሁት ብለዋል።

እኔ ያደግኩት በ1980ዎቹ ግንፍሌ አካባቢ ነው። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ያፈሳል። እናቴ የሚያፈስበትን ቦታ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ሰማዩ ሲጠቁር ሳፋውን ከአልጋው እግር ሥር፣ ባልዲውን ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ ድስቱን ከበሩ ኋላ ታስቀምጣለች። ጫማዬ አንድ ሸራ ጫማ ነበር። ከረጠበ ባንድ ሌሊት አይደርቅም። ከሰሉ ዳር ይቀመጣል፤ ሲረሳ ጫፉ ይቃጠላል። ቦቲ ያለው ልጅ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ስንታመም መጀመሪያ የሚመጣው ዳማከሴ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚታሰበው ዳማከሴው አልሠራም ሲባል ነው።

ይህን አንዱንም አልረሳሁም። እሁድ ዕለትም ያወራነው ይህንኑ ነው። አንዲት ትልቅ እናት ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ በዝናብ ቆሎ ይሸጡ እንደነበር ነገሩን። ፌስታል ስላልነበረ ቆሎው እንዳይረጥብ በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ እሳቸው ይበሰብሳሉ። አንድ ጎረቤታችን ክረምት ክረምት ሊስትሮ ይሠራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሣጥኑን ይዞ ከሕንፃ በረንዳ ሥር ይገባል፤ ዘበኛው ያባርረዋል፤ ወደሚቀጥለው በረንዳ ይሄዳል። ለመስከረም የደብተር መግዣ ነበር የሚያጠራቅመው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። አንዷ ልጅ «ታዲያ ስንት ደብተር ገዛህ?» ብላ ጠየቀችው። ይህ ድህነትን መቀባት ነው? እኔ እስከማውቀው ልጆቹ ስለ ወላጆቻቸው ችግር እንዲህ በግልጽ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ናፍቆቱስ? እሱም እውነት ነው። የምንናፍቀው ግን የሚያፈሰውን ጣሪያ አይደለም። የምንናፍቀው ሁለት ነገር ነው፤ የራሳችን ጊዜና የሁላችን ጎረቤት።

ጊዜው እንዲህ ነበር። ዝናቡ እንዳባራ በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ። ጎርፉ በመንገዱ ዳር ገና ይወርዳል። ያለፈው ዓመት ደብተር ይቀደድና ጀልባ ይሆናል። የሒሳብ ደብተር መጀመሪያ ነው የሚያልቀው። ጀልባው እስከ ድልድዩ ድረስ ይከተሉታል። ሌላው ቡድን ጭቃ አድቦልቡሎ ግድብ ይሠራል፤ ውኃው ሲጠራቀም አንዱ ይመጣና በእግሩ ይንደዋል፤ ጠብ ይነሳል፤ ወዲያው ይታረቃሉ። በረዶ ሲወርድ ኩባያ ይዞ መውጣት ነው። ዝናቡ እምቢ ካለ ደግሞ በረንዳ ላይ ቅልብልቦሽ አለ፤ ገበጣ አለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማንም ትልቅ ሰው «አሁን ይህን አድርጉ» አይልም። ምን እንጫወት የሚለውን ራሳችን ተከራክረን እንወስናለን። ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ጎረቤቱ ደግሞ እንዲህ ነበር። ማታ መብራት ይጠፋል። የእነሱ ቤት ከእኛ የባሰ ስለሚያፈስ የጎረቤት ልጆች እኛ ቤት ያድራሉ። ከሰሉን ከበን እንቀመጣለን። «እንቆቅልህ» ይላል አንዱ። «ምን አውቅልህ» እንላለን። ያላወቀ አገር ይሰጣል። አዲስ አበባን የሰጠ ልጅ ሁሉም ይስቅበታል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ እንደ ንጉሥ ይመልሳል። መብራት ሲመጣ ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር «መጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። በነጋታው የማንኛችንም እናት ማንኛችንንም ትቆጣለች፤ ማንኛችንንም ታበላለች። ያ ሁሉ ከድህነቱ የመጣ አይደለም። ድህነቱ ባይኖርም ይኖር ነበር። እንዲያውም ሳንቸገር ቢሆን ይበልጥ ይደላን ነበር። ስለዚህ ዛሬ የተሻለ ቤት፣ የደረቀ ጫማ ላላቸው ልጆች ይህን ብንመኝላቸው ወደ ኋላ መመለስ አይባልም።

ጸሐፊው ያላነሱት ግን መነሳት ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። የልጅነት ክረምት ለሴትና ለወንድ እኩል አልነበረም። ወንዶቹ እስኪጨልም ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ውኃ እንቀዳለን፣ ዕቃ እናጥባለን፣ ታናናሾቻችንን እናዝላለን፤ ከዚያ የተረፈው ነው የጨዋታ ጊዜያችን። ይህንን እሁድ ዕለት ሴቶቹ በሙሉ አነሳነው። የቡናውን ሲኒና የዳቦውን ሳህን ያጠቡት ያን ቀን ወንዶቹ ልጆች ናቸው። ትዝታን እውነቱን ማውራት ማለት ለእኔ ይህም ይገባበታል።

ወደ ትምህርቱ ልሂድ። ክረምቱን ያልተማረ ልጅ መስከረም ላይ ይቀደማል ይላሉ። ልጅ በረጅም እረፍት ከተማረው የተወሰነውን እንደሚረሳ ማንም መምህር ይመሰክራል። ሒሳብ የከበደውን ልጅ ጠዋት ጠዋት ማስጠናት ደግ ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ሰኔን በፈተና ያሳለፈ የስምንት ዓመት ልጅ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እንደገና ቦርሳ ተሸክሞ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲቀመጥ መደረጉን ነው። እረፍትና ጨዋታ ለልጅ ምርቃት አይደሉም፤ መብቶቹ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ይህን በግልጽ ይናገራል። ልጅ የማረፍ፣ የመጫወትና በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት አለው ይላል። ቡሄ መጨፈር ከዚህ ውጭ አይመስለኝም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የክረምት ትምህርት የምንልካቸው ሒሳብ ስለጠፋቸው አይደለም። እናትም አባትም ሥራ ውለው ይገባሉ፤ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም። በር ቆልፎ ከመሄድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል ብለን ነው። እኔም ሠራተኛ እናት ነኝ፤ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ለዚህ ጭንቀት ግን ሌላም መልስ አለ። በእኛ ግቢ ጡረታ የወጡ ሁለት እናቶችና አንድ አባት አሉ። እሁድ ዕለት ቡናው ላይ ሆነን ተነጋገርን፤ ከሰዓት ከሰዓት ልጆቹን በተራ ሊያዩልን ተስማሙ። እኛም ምሳቸውን አዘጋጅተን እንሄዳለን፤ ቅዳሜ የሥራ ቀን ያልሆነላቸው ወላጆች ደግሞ ተራ ይይዛሉ። ያ ዝግጅት ባይኖር ይህ ወሬ አይነሳም ነበር። ጸሐፊው «ከንቱ ስብሰባ» ያሉት ይህን ነው።

ስለ መማርም ካነሳን ሆያ ሆዬ ምን እንደሚያስተምር ላስረዳ። ነሐሴ እንደገባ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። ቃጫ ተገዝቶ ጅራፍ ይገመዳል። ድምፁ ጥሩ የሆነው አውጪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። በየቤቱ ግጥሙ ይለወጣል። እከሌ ቤት ሲደርሱ የአባወራውን ስም አስገብተው ያወድሳሉ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ካለ እሱን ያነሳሉ። ይህ ግጥም መፍጠር ነው፤ ያውም በቆመበት። ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። የሚታመን ልጅ መሆን አለበት። የትኛው ቤት ሙልሙል፣ የትኛው ቤት ሳንቲም እንደሚሰጥ ያውቃሉ። ያልሰጠውን ቤት አመስግነው መሄድን ይማራሉ። መጨረሻ ላይ ክፍያው አለ፤ ትንሹም ትልቁም ድርሻው ይታሰባል፤ የተጣላም ይዳኛል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም አብረውን ይዞሩ ነበር። የኔ ታላቅ ወንድም የመጀመሪያ ገንዘቡን የቆጠረው፣ የመጀመሪያ ግጥሙንም የገጠመው በቡሄ ነው። ይህን የሚተካ የክረምት ኮርስ እስካሁን አላየሁም።

ንባብም የክረምት ነበር። አሮጌ መጽሐፍ በሳንቲም የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ልብ ወለድ ተከራይተን ለሦስትና ለአራት እናነበዋለን፤ ያነበበ ላላነበበው ይተርካል። ዛሬ ደግሞ ከዚያ የተሻለ አለ። ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በነፃ ይገባል፤ ለልጆችም ቦታ አለው። ልጅን እጁን ይዞ እዚያ መውሰድና የወደደውን መጽሐፍ እንዲመርጥ መተው ጥሩ የክረምት ትምህርት ነው። የወደደውን ካነበበ ፈተና የማይኖርበት መሆኑ ደግሞ ዋናው ጥቅሙ ነው።

ሜዳ የዋለ ልጅ ይበላሻል ለሚለው አጭር መልስ ነው ያለኝ። መኪናው በዝቷል፤ ለልጅ ያሰጋል፤ እዚህ ላይ ፍርሃታቸውን እጋራለሁ። ግን ልጅን የሚያበላሸው የሚያየው ሰው ማጣቱ ነው። በልጅነታችን በየደጁ የተቀመጡ እናቶች ዓይን ነበር የጠበቀን። ዛሬም ልጆቹ በሚታዩበት ቦታ ይጫወቱ ነው የምንለው። አራት ኪሎና ፒያሳ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ መስቀል አደባባይ ማታ ማታ ልጆች በስኬት ጫማ ሲንሸራተቱ ማየት ደስ ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚረገጥ ሣር፣ ኳስ የማይከለከልበት ትንሽ ሜዳ በየአካባቢው ቢኖር እመኛለሁ። ጃን ሜዳ ብቻውን ለዚህ ሁሉ ሕፃን አይበቃም።

ሰፈሮቹ ፈርሰዋል የሚለው ደግሞ ልቤን የነካው ነው። እውነት ነው። ባሻ ወልዴ ችሎት ከፈረሰ ቆየ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሄደ። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ተከተለ። ሰዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ትዝታውም አብሮ ቢቀር ይሻላል ይላሉ። እኔ ከዚያው ተነስቼ የምደርሰው ተቃራኒው ጋ ነው። ግንቡና ቆርቆሮው ሲኖር ማውራት ባያስፈልግም ይታያል፤ ልጅ «ይህ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል። አሁን የሚጠየቅበት ነገር የለም። ካላወራነው አለቀ። እሁድ ዕለት ከመጡት እንግዶች መካከል ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰብ ነበሩ። ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። እናትየዋ ልጇን ይዛ የኖሩበትን በር ልታሳየው ሄዳ ቦታው ጠፍቷት እንደተመለሰች ነገረችን። ከዚያ የሰፈራቸውን ክረምት አወራች፤ የትኛው ቤት በቆሎ ይጠበስ እንደነበር፣ ቡሄ ሲመጣ የትኛው ደጅ ችቦ ይበራ እንደነበር። ልጁ በወረቀት ላይ ሣለው። አሁን ቢያንስ ሥዕሉ አለው። ይህች እናት ትዝታዋን ትተወው ብሎ ለመምከር እኔ ድፍረቱ የለኝም።

ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤትነት አብሮ ይፈርሳል የሚለውም ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። ከሄዱ በኋላ ለእድር፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶ ወደ ድሮ ሰፈራቸው የሚመለሱ ስንት አሉ። ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ሲታሰብ የጋራ መገልገያ ቤት ተደርጎለት ነው የተሠራው። እርድ፣ ማጠቢያ፣ ድግስ እንዲሆን ነበር። ብዙ ቦታ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቷል። አንዱን ክፍል ለልጆች የክረምት መዋያ ማድረግ የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው። እኛ ግቢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት የለም፤ በረንዳው ይበቃናል።

ልጆቹ ራሳቸው አይፈልጉም፣ ስልክ ብቻ ነው የሚፈልጉት የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ስልኩን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ዝም እንዲሉልን። እሁድ ዕለት ሴቶቹ ልጆች ሱዚ ዘለሉ፤ ወንዶቹም ገቡበት። ስልክ ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ለእናቶቻቸው ሰጥተው ገቡ። የከለከላቸው ሰው አልነበረም። ከሁሉም ያስደሰተኝ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ጅራፍ እንዴት እንደሚገመድ የሚያሳየው ሰው ፈለገ። ያ ሊስትሮ የነበረው ጎረቤታችን አሳየው፤ ቃጫ ስላልነበረ በገመድ ነበር ያሳየው። ለነሐሴ ቃጫ ከመርካቶ ይመጣልሃል ተብሏል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላልና ጊዜው ቅርብ ነው።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። ለቱቦው ቢውል ብለዋል። እዚህ ላይ ሐሳባቸውን ተቀብያለሁ፤ የደጃችን ቱቦ ተደፍኗል፤ ባለፈው ዝናብ ውኃው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ግን ቡናው ቀርቶ ቱቦው ይጠረግ የሚለው ምርጫ አያስፈልግም። ከመዋጮው የተረፈ ገንዘብ አለ፤ አካፋና ጓንት ይገዛበታል። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ልንጠርገው ተቀጣጥረናል፤ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚዘንብ ጠዋት ነው የሚመቸው። ልጆቹ ፌስታልና ጠርሙስ ይለቅማሉ፤ ትልልቆቹ ደለሉን ያወጣሉ። ሲያልቅ ቡና አለ። ጸሐፊውም ቢመጡልን ደስ ይለናል። የልጅነት ክረምታቸውን ቢያወሩልን ደግሞ ልጆቹ ይሰሟቸዋል።